እርግዝናሽን ሳታውቂ መድኃኒት ወስደሽ ከሆነ ምን ታደርጊያለሽ?

ከፈረቃ ወጥታ ወደ ቤቷ የምትመለስ የዱከም ሠራተኛ ራሷን ሲያማት በአዳማ መንገድ ዳር ካለ መድኃኒት ቤት ክኒን ገዝታ ትውጣለች። ሲያቅለሸልሻት «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብላ ኦሜፕራዞል ትጀምራለች። ድካሙና ቁርጥማቱ ሲበረታባት ክሊኒክ ትገባለች፤ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብላ ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን ይዛ ትወጣለች። የወር አበባዋ መቅረቱን ልብ የምትለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስትመረመር ነፍሰ ጡር ሆና ትገኛለች። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የዋጥኩት መድኃኒት ልጄን ጎድቶት ይሆን?»

ይህ ጥያቄ የአንቺም ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያዢ፦ ሰው በየዕለቱ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚወስዳቸው አብዛኞቹ መድኃኒቶች በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ቀናት ቢወሰዱ ጽንሱን እንደሚጎዱ አልታየም። በእርግጥ የሚጎዱም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። የአንቺ መድኃኒት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ የወሰድሽው መጠን እና የወሰድሽበት ቀን። ሦስቱ ካልተሟሉ ሐኪምም ቢሆን እርግጠኛ መልስ ሊሰጥሽ አይችልም። ሦስቱ ከተሟሉ ግን ጭንቀትሽ መልስ ያለው ጥያቄ ይሆናል።

ይህ መመሪያ እነዚህን መረጃዎች ሰብስበሽ ወደ ባለሙያ እንድታቀርቢ የተዘጋጀ ነው። ወረቀትና እስክርቢቶ፣ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ፣ የቀሩሽን ክኒኖችና ማሸጊያዎች፣ የክሊኒክ ወረቀቶችሽን እና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ አጠገብሽ አድርጊ።

1. ዛሬ የሚቆመውንና የማይቆመውን ለዪ

እርግዝናውን ባወቅሽበት ቀን የምትሠሪው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ ስሕተቶች የሚፈጸሙት በድንጋጤ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ያለ ሐኪም ማዘዣ በራስሽ የጀመርሻቸውን አቁሚ፦ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ የጉንፋን ድብልቅ ክኒኖች፣ የትል መድኃኒት፣ ለብጉር የሚዋጥ ክኒን፣ የማታውቂያቸው የቪታሚን እሽጎች። ሕመም ወይም ትኩሳት ካለብሽ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ፤ በእርግዝና ወቅት የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው።

ሐኪም አዝዞልሽ ለከባድ ወይም ለረጅም ጊዜ ሕመም የምትወስጅውን ግን በራስሽ ውሳኔ አታቁሚ። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ፣ የአስም፣ የእንቅርት፣ የአእምሮ ሕመም፣ የኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ የሚመጣው አደጋ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ስጋት ይበልጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ያቋረጠች እናት በተደጋጋሚ ብትወድቅ ራሷም ጽንሷም ይጎዳሉ። ዶሉተግራቪር የሚገኝበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ማቋረጥ ቫይረሱ ወደ ልጁ እንዲተላለፍ በር ይከፍታል። መደበኛዎቹ የሳንባ ነቀርሳ ክኒኖችም በእርግዝና ይቀጥላሉ። እነዚህን የምትወስጂ ከሆነ ሥራሽ መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ያዘዘልሽን ሐኪም በቶሎ ማግኘት ነው።

መድኃኒቱን «ከሰውነቴ ላጥበው» ብለሽ የምታደርጊው ነገር አይኑር። ወተት መጠጣት የተዋጠን መድኃኒት ከደም አያወጣም። ኮሶ መጠጣት፣ ጤና አዳምን በብዛት አፍልቶ መጠጣት ወይም ራስን አስገድዶ ማስታወክ ደግሞ አዲስ ጉዳት ይጨምራል፤ ኮሶም በብዛት የተወሰደ ጤና አዳምም ለነፍሰ ጡር አደገኛ ናቸው። አብዛኞቹ የሕመም ማስታገሻዎችና ፀረ ባክቴሪያዎች ካቆምሻቸው በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሳቸው ይወጣሉ።

2. እርግዝናውን በምርመራ አረጋግጪ

በግምት ላይ ቆሞ መጨነቅ ዋጋ የለውም። የሽንት ምርመራው የወር አበባሽ መምጣት ከነበረበት ቀን ጀምሮ ይሠራል። በቤትሽ የምታደርጊው ከሆነ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንትሽን ተጠቀሚ፤ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቂ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የታየን ደብዛዛ መስመር አትመኚ። አንድ መስመር ብቻ ከታየና የወር አበባሽ አሁንም ካልመጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድገሚው።

ምርመራው የሚጠቅመው አዎ ወይም አይደለም ለማለት ብቻ አይደለም። በአንድ በኩል የሚወጋ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ፣ ራስ ማዞር ወይም መሳት፣ የትከሻ ሕመም ካለብሽ እርግዝናው ከማኅፀን ውጪ ሊሆን ይችላል። ያኔ የመድኃኒቱን ጉዳይ ትተሽ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂጂ፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው።

የወሊድ መከላከያ እየተጠቀምሽ ካረገዝሽ ዓይነቱን ተናገሪ። ፖስትፒል፣ በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን እና ዴፖ መርፌ አስቀድሞ የተፈጠረ ጽንስን እንደሚጎዱ አልታየም፤ ክኒኑን ግን አቁሚ። በክንድሽ የተቀበረው መከላከያ መውጣት አለበት። ሉፕ ካለሽ ደግሞ በቶሎ መታየት አለብሽ፤ ከማኅፀን ውጪ እርግዝና አለመሆኑ መጣራት ስላለበትና ሉፑ ውስጥ ከቆየ የውርጃና የኢንፌክሽን ስጋት ስለሚጨምር ነው።

3. ቀኑን በትክክል ቁጠሪ

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ግንኙነት ከተደረገበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ «የአራት ሳምንት እርጉዝ ነሽ» ስትባዪ ጽንሱ ራሱ ገና የሁለት ሳምንት ያህል ነው። ይህን ሳያውቁ ብዙ እናቶች መድኃኒቱን ጽንስ ከመፈጠሩ በፊት ወስደው ሳለ በከንቱ ይጨነቃሉ።

በእኛ ዘመን አቆጣጠር ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከጳጉሜን በቀር ሁሉም ወር 30 ቀን ነውና። እንዲህ አስቢው፦ የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው መስከረም 20 ነው እንበል። ዛሬ ጥቅምት 29 ነው። ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 20 ድረስ 30 ቀን፣ እስከ ዛሬ ደግሞ 9 ቀን፣ በድምሩ 39 ቀን ነው። ለ7 ስታካፍዪው 5 ሳምንት ከ4 ቀን ይሆናል። የመውለጃሽን ቀን ለመገመት ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ጨምሪ፦ ሰኔ 30። በመካከሉ ጳጉሜን ካለች ግን በ10 ቀን ፈንታ 5 ቀን ትጨምሪያለሽ፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4።

ይህ ስሌት የሚሠራው የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ ገደማ በወጉ የሚመጣ ከሆነ ነው። የወር አበባሽ የሚዛባ ከሆነ፣ ዴፖ ስትወስጂ ከነበረ፣ ጡት እያጠባሽ ካረገዝሽ ወይም ቀኑን ከረሳሽው በግምት አትሙዪው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚነሣ አልትራሳውንድ ዕድሜውን በጥሩ ሁኔታ ይናገራል፤ እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ግን የአልትራሳውንዱ የዕድሜ ግምት ትክክለኛነቱ ይቀንሳል።

4. የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጻፊ

በወረቀቱ ላይ አምስት ዓምድ አስምሪ፦ ስም፣ የአንዱ ክኒን መጠን በሚሊግራም፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ የጀመርሽበት ቀን፣ ያቆምሽበት ቀን። በጎን ደግሞ ለምን እንደወሰድሽው ጻፊ፤ ሕመሙ ራሱ ለሐኪሙ አስፈላጊ መረጃ ነው።

ስሙን ስትጽፊ የንግድ ስሙ ብቻ አይበቃም። በእሽጉ ላይ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን መጠሪያ ፈልጊ፤ አንድ መድኃኒት በብዙ የንግድ ስም ይሸጣልና። ጽሑፉ በማታነቢው ቋንቋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዓረብ አገር የመጣ ወይም የቻይንኛ ጽሑፍ ያለበት ከሆነ፣ በሁሉም ጎን ፎቶ አንሺውና ለፋርማሲስት አሳዪ። መድኃኒቱ በትንሽ ፖስታ ተቆጥሮ የተሰጠሽና ስም ያልተጻፈበት ከሆነ ወደ ገዛሽበት መድኃኒት ቤት ተመልሰሽ የማዘዣውን ቅጂ ወይም ስሙን ጠይቂ። «ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ካፕሱል» የሚል መግለጫ ለባለሙያ አይበቃም፤ ብዙ መድኃኒቶች በመልክ ይመሳሰላሉ።

ሰው መድኃኒት ብሎ የማይቆጥራቸውንም አትርሺ፦ በመርፌ የተሰጠሽን፣ የዓይን ጠብታ፣ የቆዳ ቅባት፣ ክትባት፣ የራጅ ምርመራ፣ ዳማ ከሴ፣ ኮሶ፣ ጫት፣ አረቄና ጠጅ። ሥራሽ ሙጫ፣ ቀለም ወይም የሚሸት መሟሟቻ የሚነካ ከሆነ እሱንም ጨምሪ። ስለ ራጅ ብዙ እናቶች ይጨነቃሉ፤ አንድ የደረት ራጅ ወደ ጽንሱ የሚያደርሰው ጨረር ጉዳት ያመጣል ከሚባለው መጠን በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

የወር አበባሽ እንዲመጣ ወይም እርግዝናው እንዲወርድ ብለሽ የዋጥሽው ነገር ካለም ጻፊው። ሚሶፕሮስቶል የተባለው መድኃኒት ተወስዶ እርግዝናው ከቀጠለ በጽንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ተከታታይ ምርመራ ያስፈልጋል። ባለሙያው ሊረዳሽ እንጂ ሊፈርድብሽ አይደለም የሚጠይቅሽ፤ ብትደብቂው ምርመራው ይሳሳታል።

5. መድኃኒቱን ከእርግዝናው ሳምንት ጋር አገናኚ

አሁን የሳምንቱን ስሌትና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር አንድ ላይ አድርጊ። አንድ መድኃኒት የሚያደርሰው ጉዳት እንደ ጊዜው ይለያያል።

ከወር አበባሽ መጀመሪያ ቀን እስከ 2ኛው ሳምንት መጨረሻ ጽንስ ገና አልተፈጠረም። በዚህ ጊዜ ወስደሽ ያቆምሽው፣ ከሰውነት በቶሎ የሚወጣ መድኃኒት ጽንሱን አያገኘውም።

ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት፣ ማለትም የወር አበባሽ መምጣት እስከነበረበት ቀን ገደማ፣ ጽንሱ አካላቱ ገና ያልተለዩ የሴሎች ስብስብ ነው። በዚህ ወቅት ከባድ ጉዳት ከደረሰ እርግዝናው አይቀጥልም፤ ከቀጠለ ደግሞ ሴሎቹ ራሳቸውን ተክተው ጤነኛ ሆነው ያድጋሉ። እርግዝናሽ እየቀጠለ መሆኑ በራሱ መልካም ምልክት ነው። ከዚህ ሕግ የሚወጡት በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ መድኃኒቶች ናቸው።

ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ልብ፣ አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰር፣ እጅና እግር የሚሠሩበት ጊዜ ነው። የኅብለ ሰረሰሩ ቱቦ እስከ 6ኛው ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ጊዜ ነው። ከ10ኛው ሳምንት በኋላ የአካል ቅርጽ ጉድለት ስጋት ይቀንሳል፤ የዕድገት፣ የአንጎል፣ የኩላሊትና የጥርስ ጉዳት ግን በአንዳንድ መድኃኒቶች ሊደርስ ይችላል።

ወደ ቀን አቆጣጠሩ ምሳሌ እንመለስ። የወር አበባዋ መስከረም 20 የጀመረው እናት ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊን የወሰደችው ከጥቅምት 10 እስከ 16 ነበር። ይህ ከ20ኛው እስከ 26ኛው ቀን ማለት ነው፤ አራት ሳምንት አልሞላም። ኦሜፕራዞሉን ግን ከጥቅምት 24 እስከ 28 ወስዳለች፤ 34ኛው ቀን ላይ ስለጀመረች አካላት በሚሠሩበት ወቅት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሐኪሟ ይበልጥ የሚያተኩረው በኦሜፕራዞሉ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በእርግዝና ብዙ ጥናት የተደረገበትና የአካል ጉድለት ሲያስከትል ያልታየ መድኃኒት ነው። የሚያስፈራት ሲፕሮና ዶክሲሳይክሊኑ ነበር፤ ቀኑ ሲቆጠር ግን ስጋቱ ቀለለ።

6. መድኃኒትሽ ከየትኛው ምድብ እንደሆነ ተመልከቺ

*ብዙ ጊዜ የማያሳስቡ።* ፓራሲታሞል፣ አሞክሳሲሊንና ኦግመንቲን፣ ሴፋሌክሲን፣ ኦሜፕራዞል፣ የአስም መተንፈሻ፣ ኢንሱሊን፣ የቲታነስ ክትባት። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞልም (ፍላጂል) የአካል ጉድለት እንደሚጨምር ጥናቶች አላሳዩም።

*በስሕተት ቢወሰዱ የማያስደነግጡ፣ ከዚህ በኋላ ግን ያለ ሐኪም የማይወሰዱ።* ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጥቂት ቀን ተወስደው ከሆነ ብዙም አያሳስቡም፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን የጽንሱን ኩላሊትና የእንሽርት ውኃውን፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ የልቡን የደም ሥር ሊጎዱ ይችላሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሳያውቁ የወሰዱ እናቶችን የተከታተሉ ጥናቶች የጎላ ጭማሪ አላዩም። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን በጥርስና በአጥንት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከአራተኛው ወር በኋላ ሲወሰዱ ነው። አልቤንዳዞል የሚሰጠው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነው፤ ሳታውቂ አንድ ጊዜ ወስደሽው ከሆነ ግን እርግዝናውን የሚያሰጋ ማስረጃ የለም። ለብልት ፈንገስ የተወሰደ አንድ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል ለሐኪም ይነገራል፤ ስጋቱ የሚጎላው ግን ከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነው።

*ሳይውል ሳያድር ሐኪም የሚያስፈልጋቸው።* ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን፤ ሜቶትሬክሴት፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በተለይም ሶዲየም ቫልፕሮት፤ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፤ ለግፊት የሚሰጡት ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል፤ ሊትየም፤ የእንቅርት መድኃኒት ካርቢማዞል፤ ታሊዶማይድ፤ እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ የመስማት ችሎታን የሚጎዱ መርፌዎች። ከእነዚህ ውስጥ አይሶትሬቲኖይን ወዲያው ይቆማል። ቫልፕሮት፣ ዋርፋሪንና የግፊት መድኃኒት ግን ሐኪም ሳይተካቸው አይቆሙም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላት እናት ዋርፋሪኗን በራሷ ብታቆም ደሟ ሊረጋባት ይችላል።

ስለ ወባ ለብቻው ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ወደ አዳማ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ ወይም ባቱ ሄደሽ ስትመለሺ ወባ ይዞሽ ኮአርተም ወስደሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ጭምር እንዲሰጥ መክሯል። ክሎሮኪንም ለነፍሰ ጡር ይሰጣል። ፕሪማኪን ግን እርግዝና እንደታወቀ ይቆማል፤ የጽንሱን ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላልና። መድኃኒት ፈርቶ ወባን ሳያክሙ መተው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ስሕተት ነው፤ ወባም፣ ያልታከመ ከፍተኛ ትኩሳትም ለእናትና ለጽንስ አደገኛ ናቸው።

የመድኃኒትሽ ስም እዚህ አለመኖሩ ጎጂ ነው ወይም ደኅና ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱን ይዘሽ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፊ።

7. ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ባለሙያ ሂጂ

በዱከም የምትኖሪ ከሆነ የመጀመሪያ መሄጃሽ ጤና ጣቢያው ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር ክትትል በነፃ ይሰጣል። በሦስተኛው ምድብ ያለ መድኃኒት ከወሰድሽ አዋላጅ ነርሷ ወደ ቢሾፍቱ ሆስፒታል፣ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም በአዲስ አበባ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር እንድትጽፍልሽ ጠይቂ። አዲስ አበባ ከዱከም 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው፤ ለአንድ ወሳኝ ምርመራ የሚከለክል ርቀት አይደለም።

የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆንሽ ፈረቃው አይከልክልሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንድታገኝ ያዛል፤ አሠሪሽ የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅሽ ስለሚችል ወረቀቱን ሳትይዢ ከጤና ጣቢያ አትውጪ።

ፊት ለፊት ስትቀርቢ እነዚህን ጠይቂ፦

- ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጉዳት እንደሚያስከትል ታይቷል? ከታየ ከስንት እናቶች በስንቷ?
- እኔ በወሰድኩበት ሳምንትና መጠንስ?
- ልቀጥል፣ ልቀይር ወይስ ላቁም? ከቀየርኩስ በምን?
- የትኛው ምርመራ በየትኛው ሳምንት ያስፈልገኛል?

ቁጥር ሲነገርሽ ከምን ጋር እንደሚወዳደር እወቂ። ምንም መድኃኒት ካልወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ውስጥ 3 ያህሉ የጎላ የአካል ጉድለት ይኖርባቸዋል። ከታወቁ እርግዝናዎችም ከ100 ከ10 በላይ የሚሆኑት ያለ ማንም ጥፋት ይቋረጣሉ። ጥያቄው እንግዲህ መድኃኒቱ ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል ወይ የሚል ነው። ለምሳሌ ቫልፕሮት 3 የነበረውን ወደ 10 ገደማ ያደርሰዋል፤ ከባድ ጭማሪ ነው። ሆኖም ከዚያ ውስጥ እንኳ 90ዎቹ እንዲህ ያለ ጉድለት ሳይኖርባቸው ይወለዳሉ፤ በአእምሮ ዕድገት ላይ የሚያስከትለው ስጋት ስላለ ግን ከወሊድ በኋላም ክትትል ያስፈልጋል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት የጎረቤት ወይም የዘመድ ፍርድን ተቀብሎ የሚፈለግን እርግዝና በፍርሃት ማቋረጥ ነው። መድኃኒት መውሰድ ብቻውን እርግዝናን ለማቋረጥ የሕክምና ምክንያት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። በምርመራ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ከተገኘ ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 የሚፈቅደውን አማራጭ ሐኪም ያስረዳሻል። ውሳኔው ከማስረጃ በኋላ፣ በጤና ተቋም፣ በአንቺ ፈቃድ የሚደረግ ነው። በቤት ውስጥ በድብቅ የሚሞከር ነገር ግን ሕይወት ይቀጥፋል።

8. ክትትልሽን በጊዜው ጀምሪ

የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት መሆን አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ዘመን ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራል። ሆድ እስኪገፋ መጠበቅ በአገራችን የተለመደ ነው፤ መድኃኒት ለወሰደች እናት ግን ዋናዎቹን ሳምንታት ያባክንባታል።

ፎሊክ አሲድ ዛሬውኑ ጀምሪ። የኅብለ ሰረሰር ክፍተትን ለመከላከል በቀን 400 ማይክሮግራም ያስፈልጋል፤ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረት ክኒን 60 ሚሊግራም ብረትን ከዚሁ መጠን ፎሊክ አሲድ ጋር ይዟል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከፍ ያለ መጠን፣ 5 ሚሊግራም፣ ሊታዘዝልሽ ስለሚችል ጠይቂ። ፎሊክ አሲድ የወሰድሽውን መድኃኒት ጉዳት አያጠፋም፤ ኅብለ ሰረሰሩ ገና ካልተዘጋ ግን ጥበቃው ትልቅ ነው።

የአካል ክፍሎችን አንድ በአንድ የሚያየው አልትራሳውንድ የሚነሣው ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ነው። በ6ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሥተሽ «ልቡ ይመታል» መባልሽ ደስ ይላል፤ የአካል ጉድለት አለመኖሩን ግን አያረጋግጥም። ስትነሺ የወሰድሽውን መድኃኒትና ሳምንቱን ለባለሙያው ንገሪ፤ የትኛውን አካል ይበልጥ ማየት እንዳለበት ያውቃል። አልትራሳውንድ ሁሉንም ችግር አያሳይም፤ አብዛኞቹን ከባድ የአካል ቅርጽ ጉድለቶች ግን ሊያሳይ ይችላል።

9. ከዛሬ ጀምሮ ከመዋጥሽ በፊት ተናገሪ

መድኃኒት ቤት ስትገቢ የመጀመሪያው ቃልሽ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ይህን ያህል ሳምንቴ ነው» የሚል ይሁን። ክሊኒክም፣ የጥርስ ሐኪም ጋም፣ ራጅ ክፍልም እንዲሁ። ገና ካላወቅሽና የወር አበባሽ ዘግይቶ ከሆነ «እርጉዝ ልሆን እችላለሁ» በዪ፤ ክኒን ከመጀመርሽ በፊት የሽንት ምርመራ ይደረግልሽ። የማቅለሽለሽና የድካም ሕመም ይዛ ለምትመጣ በወሊድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ይህ ምርመራ መቅደም አለበት።

ከወሰድሽው መድኃኒት ያልተለመደ ጉዳት ካየሽ ለጤና ባለሙያሽ ንገሪ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ ይቀበላል። የምትጽፊውን ወረቀት አትጣዪው፤ ከክትትል ካርድሽ ጋር አያይዢው። ልጁ ከተወለደ በኋላ የሚያየው ሐኪምም ይፈልገዋል።

እኅቴ፣ እርግዝናሽን ሳታውቂ የወሰድሽው መድኃኒት ጥፋትሽ አይደለም፤ ታመሽ ታከምሽ እንጂ ሌላ ያደረግሽው ነገር የለም። አሁን ግን በእጅሽ ያለ ሥራ አለ። ስሙን፣ መጠኑንና ቀኑን ዛሬ ማታ ጽፈሽ አዘጋጂ፤ ነገ ጠዋት ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።